ሶላር ለመማር ዲግሪ አትጠብቁ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ትምህርታችሁን ሳትጨርሱ ለቀራችሁ፣ ይልቁንም ለሴቶቹ ነው። «ሶላር የኢንጂነር ሥራ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። በየገጠሩ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ሁለት ክረምት ሳይሻገር የጨለመውን ፓኔል የሚያስነሳው መለካት የለመደ እጅ ነው። ተከላ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ጥገና ግን ፓኔሉ ባለበት ሁሉ ይኖራል።

በህንድ ራጃስታን፣ ቲሎኒያ በምትባል መንደር ያለው ቤርፉት ኮሌጅ ማንበብ የማይችሉ እናቶችን በስድስት ወር የሶላር ባለሙያ ያደርጋል። የሚያስተምረው ዕቃውን በቀለም በማስለየትና በእጅ በማሠራት ነው። እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል፤ ምን ይገዳችኋል?

አንድ ዲጂታል ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዙና ከባትሪ ጀምሩ። የሊድ አሲድ ባትሪን ከፓኔሉም ከአምፖሉም ነቅላችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት፤ ከዚያ ለኩ። 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ። ሁልጊዜ ከ12 በታች የሚያድር ባትሪ ዕድሜው እያጠረ ነው። ውሃው ሲጎድል አሲድ የሚጨምሩ አሉ፤ ከባትሪው የሚተነው ግን ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም። የሚሞላው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፣ የቧንቧም አይሆንም።

ሒሳቡ ከሱቅ ሒሳብ አይከብድም። 5 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት፣ 40 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 160፣ ስልክ መሙያ 20፤ ድምሩ 280። ለደመናው ወራት ደህና ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ብላችሁ ያዙ፤ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክን 30 በመቶ ቀንሱ፤ 2.8 ሰዓት ይቀራል። 280ን ለ2.8 ስታካፍሉ 100 ዋት ፓኔል ይወጣል። ለሁለት ሌሊት እንዲበቃና ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ደግሞ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። የመኪና ባትሪ አይተካውም፤ ሞተር ለማስነሳት እንጂ በየቀኑ ለመራገፍ አልተሠራም።

ብዙ ተከላ የሚበላሸው በሽቦ ነው። 100 ዋት ፓኔል ከ5 እስከ 6 አምፔር ይልካል። ከፓኔሉ እስከ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ዕቃ) 10 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱ 20 ነውና ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ሽቦ ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግማሽ ቮልት ያህል። ቀትር ላይ ፓኔሉ ሲግል ቮልቴጁ ስለሚወርድ ባትሪውን ሳይጠግብ የምታሳድረው ያቺው 1 ቮልት ናት። ባለቤቱም «ፓኔሉ አይረባም» ይላል።

ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎ ፓኔል ይታሰራል፤ ሲፈታ ፓኔሉ ይቀድማል። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርጉት፤ ሽቦ ሲላጥ ቤት የሚያድነው እሱ ነው።

የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ክፍል ገብቶ ለተማረ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ላይ የለመደም ይመዘናል። ይህን ባለማወቅ ዓመታት መሰላል ይዘው የሚቀሩ ረዳቶች ያሳዝኑኛል። ረዳት ሆናችሁ ስትገቡ ከሦስተኛው ቤት በኋላ አንዱን እናንተ እንድታስሩ፣ አለቃው እንዲያያችሁ ጠይቁ። ሴት ልጅን ፓኔል እንድታጸዳ ብቻ የሚመድብ አለቃ ካጋጠመ ሌላ ፈልጉ።

አሠልጣኞችም ብትሆኑ ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ጧትና ማታ ውሃ የምትቀዳ ልጅ በ2 ሰዓት ክፍል አትገኝም፤ ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ቢሆን ትመጣለች። ጣሪያ ላይ ከመውደቅ የሚጠብቀውን ቀበቶም በእሷ ልክ ግዙ። መመሪያው እንግሊዝኛ ከሆነ ቃላቱን ከነሥዕላቸው በምታውቀው ቋንቋ በአንድ ገጽ ጻፉላት።

እናንተ ግን ደብተር አይለያችሁ። ለሠራችሁት ለእያንዳንዱ ቤት ቀኑን፣ የባትሪውን ቮልት ሳትነኩትና ከጨረሳችሁ በኋላ፣ የሽቦውን ውፍረትና ርዝመት፣ ያገኛችሁትን ብልሽት ጻፉ። ለምዘና ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ።