ወረዳው «ልቀቁ» ብሎናል፣ አከራያችን ግን ኪራይ ይጠይቃሉ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጭቃ ቤት ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። በሽንት ቤቱ ጉድጓድ በኩል ያለው ግድግዳ ተሰንጥቆ ዘሟል። ከወረዳ መጥተው አዩና «ለመኖሪያ አደገኛ ነው፣ ልቀቁ» የሚል ደብዳቤ ሰጡን። አከራያችን ግን «በየክረምቱ ይሉታል፣ ይኸው ቆሟል» ይላሉ። የሦስት ወር ቅድሚያ ወስደው አሁንም ጨምሪ ይሉኛል። ልክፈል? ምትክ ቤትስ አገኛለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹ ዛሬ ማታ የት ነው የሚተኙት? በዚያ ግድግዳ በኩል ከሆነ አሁኑኑ አንሺያቸው። የኪራዩ ነገር ይደርሳል።

እናንተ አካባቢ ብዙው አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ቤቱ በየዓመቱ ከሥሩ ይነቃነቃል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የጉድጓዱ እርጥበት አለ። ምርጊቱ ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጥ ያለው ቋሚ በስብሶ ወይም ምስጥ በልቶት ሊሆን ይችላል። ድሮ ይዘጋ የነበረ በር አልገጥም ካለ ግድግዳው እየሄደ ነው። አፈር መርገፍ ከጀመረ ወይም እንጨቱ ከጮኸ ለዕቃ ብለሽ አትመለሺ፣ ውጡና ወደ እሳትና አደጋ መከላከል በ939 ደውሉ።

«ይኸው ቆሟል» የሚለው ንግግር በጣም ያናድደኛል። ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ያም ክምር እስከዚያ ቀን ቆሞ ነበር።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አከራይ ቤቱን ለሚከራይበት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ልቀቁ ለተባለበት ቤት ተጨማሪ ኪራይ መጠየቅ ትክክል አይደለም። የኪራይ አዋጁም (ቁጥር 1320/2016) ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል፣ ስለዚህ ሦስተኛው ወር መጀመሪያውኑ መወሰድ አልነበረበትም። ዝም ብለሽ ግን አትጥፊ። የምትለቂበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጫቸው፣ የደብዳቤውን ኮፒ አያይዢ፣ ያልኖርሽበትን እንዲመልሱ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት አመልክቺ። ውላችሁ ባይመዘገብ እንኳ የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝሽን፣ የስንጥቁንም ፎቶ ይዘሽ ሂጂ።

ምትክ ቤትን እውነቱን ልንገርሽ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ብትሆኚ የምትጠይቂበት መንገድ ነበረሽ፤ የግለሰብ ቤት ተከራይ ግን ያንን ተስፋ አድርጋ እዚያው መቀመጥ የለባትም። ለዚህ ሳምንት ማደሪያ የእድራችሁን ዳኛ ወይም ጎረቤት አነጋግሪ። ሰው ሲቸገር እድር ለቀብር ብቻ አይደለም፣ አትፈሪ፣ ጠይቂ።