«ትል ልትቆጥሪ ነው?» ለተባለችው እኅቴ

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። የሳቅሁት አባትሽ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ትል ልትቆጥሪ ነው?» ባሉት ነው። የተናደድኩት በታላቅ እኅትሽ ገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ለሌላው አንባቢ ነገሩን ላሳጥረው። ጠያቂያችን 27 ዓመቷ ነው። በባዮሎጂ ተመርቃ ጎጃም ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች። አሁን በነፍሳት ፊዚዮሎጂ ማስተርስ የመማር ዕድል መጥቶላታል። አማካሪዋ የሚያጠኑት ነፍሳት ከምግባቸው ያገኙትን ስቴሮል፣ ማለትም የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነውን ስብ፣ ሰውነታቸው ውስጥ ምን እንደሚያደርጉት ነው። ወጪውን የአማካሪዋ ፕሮጀክት ይሸፍናል፤ በየወሩም ትንሽ የኪስ ገንዘብ አለው። አባቷ ግን አልተዋጠላቸውም። በግል ኮሌጅ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ እንድትይዝ ይፈልጋሉ። ክፍያውን ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እኅቷ ልትችል ቃል ገብታለች።

ትንንሾቹን ቶሎ እንጨርስ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብለሻል፤ እየጻፍሽ ይስተካከላል። «ዕድሜዬ ሄደ» ያልሽውን እንዳላነበብኩ ልለፈው። በረሮ መፍራትሽ ደግሞ ይለቅሻል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ በስም ትጠሪያቸዋለሽ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ሒሳቡ ግን ተገልብጦባቸዋል። «አስተማማኝ» ያሉት ትምህርት የአንዷን ልጃቸውን ላብ ይበላል። «ቀልድ» ያሉት አንድ ብር አያስወጣም። እኅትሽ የሰው ቤት ጠርጋ የላከችው ገንዘብ የግል ኮሌጅ ክፍያ ከሚሆን፣ በስሟ ባንክ ቢቀመጥ አይሻልም? አንድ ቀን ተመልሳ ትመጣለችኮ። ይህን ለብቻሽ አታብሰልስዪው። እኅትሽ ስትደውል ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጊና አባትሽ ባሉበት ተናገሪው። ደግሞ የጤና ቅጥር ማስታወቂያዎችን አንብቢ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውም ዲግሪ በጤና እንዲሆን ይጠይቃሉ። የአንቺ ባዮሎጂ ነው። ሁለት ዓመት ከፍለሽ በሩ ላይ ልትመለሺ ትችያለሽ። ይህን ለአባትሽ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

«ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይገባቸዋል። አንቺም በደብዳቤሽ ላይ በደንብ አልመለስሽውም። እኔ ልሞክር።

የሰው ሰውነት ኮሌስትሮልን ራሱ ይሠራል። ጾም ብንውልም ጉበታችን አይጾምም። ነፍሳት ግን ከባዶ መሥራት አይችሉም፤ ከሚበሉት ማግኘት አለባቸው። ይህ የታወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሆብሰን የተባለ ተመራማሪ የዝንብ እጮች ያለ ኮሌስትሮል እንደማያድጉ አሳየ። ስቴሮሉ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ያስፈልጋል። ከዚያም አልፎ ነፍሳቱ ቆዳቸውን ጥለው እንዲያድጉ የሚያዘው ሆርሞን፣ ኤክዳይሰን፣ የሚሠራው ከእሱ ነው። ያንን ሆርሞን ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1954 ቡተናንትና ካርልሰን የተባሉ ጀርመኖች 500 ኪሎ ያህል የሐር ትል ፈጭተው 25 ሚሊግራም አወጡ። ግማሽ ቶን ትል! አባትሽ ይህን ቢሰሙ ቆጠራውን ይመርጡ ነበር።

ቅጠል ውስጥ ኮሌስትሮል የለም ቢባል ይቀላል። ያለው የዕፅዋት ስቴሮል ነው፤ ሲቶስቴሮል የሚባለው ዋናው ነው። ብዙዎቹ ቅጠል በል ትሎች የዚህን ሞለኪውል ጭራ ቆርጠው ወደ ኮሌስትሮል ይቀይሩታል። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ተባዩን የት ላይ መያዝ እንደሚቻል ያውቃል ማለት ነው። ወሬ ብቻ አይደለም፤ ቴቡፌኖዛይድ የሚባለው ፀረ ተባይ ያንኑ ሆርሞን አስመስሎ ትሉ ያለጊዜው ቆዳውን ሊጥል ሲሞክር ይገድለዋል። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲያወድም ገበሬው በእጁ እየለቀመ ሲጨፈልቅ እንደነበር አንቺም ሳታዪ አልቀረሽም። ያ ትል ሲሆን አባትሽም አልሳቁም።

አሁን ወደ ንቡ ልምጣ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «አባቴ ጓሯቸው ውስጥ ስድስት ቀፎ አላቸው» ብለሽ አልፈሻል። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የያዘኝ እሱ ነው። ንብ የዕፅዋቱን ስቴሮል ጭራ መቁረጥ አትችልም። የምትፈልገውን ተዘጋጅቶ፣ ከአበባ ዱቄት ነው የምታገኘው። ዋናው 24-ሜቲሊን ኮሌስትሮል ይባላል። ሞግዚት ንቦች በሰውነታቸው ያጠራቀሙትን በምግብ አድርገው ለእጮቹ ያካፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን እርሾን አሻሽሎ ንብ የሚያስፈልጋትን ስድስት ስቴሮል እንዲሠራ አደረገ። ያንን የተመገቡት ኅብረ ንቦች ካልተመገቡት እስከ 15 እጥፍ የሚበልጡ እጮችን አሳደጉ። ዓለም አሁን እዚህ ላይ ነው ያለው።

የእኛ አገር ንብ አርቢ አበባ ሲጠፋ ምን ይሰጣል? ስኳር በጥብጦ፣ ሽሮ፣ በሶ። አባትሽም ይሰጡ ይሆናል። ሽሮ የጥራጥሬ ነው። ጥራጥሬ ውስጥ በብዛት ያለው ያው ሲቶስቴሮል ነው፤ ንቧ ልትቀይረው የማትችለው። ፕሮቲኑስ እሺ፣ ስቴሮሉስ? ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት። ይህ ጥያቄ እዚህ ካልተጠየቀ የት ሊጠየቅ ነው?

እንዲህ ስል ግን ላታልልሽ አልፈልግም። «የስቴሮል ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። እኔ አላየሁም። የነፍሳት ሥራ ያለባቸው ቦታዎች አሉ፦ ሆለታ የንብ ምርምር፣ አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ፣ መልካሳ የሐር ትል፣ ቃሊቲ ደግሞ የቆላ ዝንብ ማርቢያ። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1970 ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ ያቋቋሙት ኢሲፔ የሚባል የነፍሳት ምርምር ማዕከል አለ፤ አፍሪካውያንን በዶክትሬት ያስተምራል፣ አዲስ አበባም ቢሮ አለው። ቦታዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው።

ስለዚህ እንጀራሽን በነፍሳቱ ላይ ብቻ አትጣዪው። በማሽኑ ላይ ጣዪው።

እኔ በሙያዬ ኬሚስት ነኝ። ቤተሰቤ አካውንቲንግ ብሎ ነበር። አልሰማኋቸውም፤ ለሁለት ዓመትም ጦሜን ላድር ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ያነሣኝ ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል መሣሪያ ነው። በአንድ ብልቃጥ ፈሳሽ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ለያይቶ የሚነግር ነው። 11 ዓመት ከእሱ ጋር ኖርኩ፤ ቡናና ሰሊጥ ላይ የቀረ ፀረ ተባይ ስፈልግ። ዲግሪዬን ማንም አልጠየቀኝም። «ይሄን ማሽን ታውቃለህ?» ነበር ጥያቄው። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኛ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ሲቋረጥ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ላቦራቶሪ ሆኖ ነበር። አንቺ ስቴሮል የምትለዪው በዚያው ዓይነት መሣሪያ ነው። ከአንበጣ ሆድ ኮሌስትሮል ማውጣት የቻለ እጅ ከሰሊጥ ላይ መርዝ ማውጣት አያቅተውም።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ወደ ላቦራቶሪው ሂጂ። በስልክ አይሆንም፤ በአካል። ማሽኑን አሳዩኝ በይ። ይሠራል? መጨረሻ የሠራው መቼ ነው? ጋዙ አለ? ማነጻጸሪያ ኬሚካሎቹስ ተገዝተዋል ወይስ «ሊመጡ ነው»? አገራችን ውስጥ ስንቱ ማሽን ተሸፍኖ ተቀምጧል መሰለሽ፤ ዳንቴል ማልበስ ብቻ ነው የቀረን። የተበላሸ ከሆነ አማካሪሽን «ናሙናዎቹ የት ይመረመራሉ? እኔስ አብሬ እሄዳለሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ናሙናው ውጭ ይላካል፣ ውጤቱ በኢሜይል ይመጣል» ካሉሽ ሌላ አማካሪ ፈልጊ። የምሬን ነው። በኢሜይል የመጣ ውጤት ወረቀት ያስጽፍሻል እንጂ ሙያ አይሰጥሽም።

ፕሮጀክቱ ለስንት ጊዜ ገንዘብ እንዳለውም ጠይቂ። ጓደኛዬ አንድ ተቋም ውስጥ ማስተርሱን ሲሠራ ገንዘቡ መንገድ ላይ አለቀ፤ አራት ዓመት ፈጀበት። የማስተማር ሥራሽን ደግሞ እንዳትለቂ። የትምህርት ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ተመልሰሽ የማገልገል ግዴታ ካለበት ስንት ዓመት እንደሆነ አንብበሽ ፈርሚ።

ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ግቢበት ነው የምለው። የማይሠራ ከሆነ አባትሽ ባላሰቡት ምክንያት ትክክል ሆነዋል ማለት ነው፤ ያኔ ሌላ ዕድል ጠብቂ። ያኔም ቢሆን የእኅትሽን ገንዘብ አትንኪ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄጂ አባትሽን ስለ ትምህርቱ አታንሺባቸው። ስለ ቀፎው ጠይቂያቸው። አበባ ሲጠፋ ምን ይሰጣሉ? ሽሮ የሰጡት ቀፎና ያልሰጡት ቀፎ ልዩነት አላቸው? እጩ በረከተ ወይስ ንቡ ጥሎ ሄደ? የሚሉትን ሁሉ ጻፊው፤ ሽሮውንም ትንሽ በላስቲክ ቋጥረሽ ለአማካሪሽ ውሰጂላቸው። ለእኔም ያሉሽን ላኪልኝ። አባትሽ ስለ ንብ ብዙ የሚያውቁ ይመስለኛል።