በመፀው ሕፃናቱን ምን እናጫውታቸው?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የኬጂ መምህርት ነኝ። የ5 ዓመት ልጆችን አስተምራለሁ፤ በአንድ ክፍል 48 ናቸው። ያገኘሁት የጨዋታ መመሪያ በመፀው ቀይና ቢጫ ሆነው የረገፉ ቅጠሎችን አስለቅሙ ይላል። እኛ ዘንድ በጥቅምት እንዲህ ያለ ቅጠል ከየት ይመጣል? በምን ልተካው?

መልስ፦ መመሪያው የተጻፈው በመፀው ዛፉ ሁሉ ለሚራቆትበት አገር ነው። የእኛ መፀው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ የአበባና የአዝመራ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ይተዉት።

በአደይ አበባ ይጀምሩ፤ ቶሎ ስለምታልፍ አያቆዩት። ለአንድ ልጅ 3 አበባ ይበቃል። ቢጫ ቅጠሎቿን በጣቱ እየነካ ይቁጠር፣ ከጓደኛው ጋር ያስተያይ። ሁሉም አበባ እኩል ቅጠል ላይኖረው ስለሚችል «ስንት ነው?» ብለው አንድ መልስ አይጠብቁ፤ «የማን በለጠ? በስንት?» ይበሉ። አበባውን ጠዋት ቆርጠው ውኃ ባለበት ጣሳ ያቆዩት፤ አለዚያ ተራው ሳይደርስ ይጠወልጋል።

አጨዳው ሲደርስ የስፍር ጨዋታ ያስገቡ። እህል ግን መጫወቻ አያድርጉ፤ ጤፍ መሬት ላይ ፈስሶ ሲረገጥ ያየች እናት ታዝናለች፣ እውነትም አላት። ደረቅ አሸዋ፣ አንድ ጣሳና የቡና ሲኒ ይበቃል። ልጆቹ ጣሳው በስንት ሲኒ እንደሚሞላ አስቀድመው ይገምቱ፤ ከዚያ ለተጨመረው ሲኒ ሁሉ አንድ ጠጠር ያስቀምጡ። አንዱ ከምሮ ሌላው አጉድሎ ሲሰፍር ቁጥሩ ይለያያል፣ ጭቅጭቅም ይነሣል። ፈጥነው አይገላግሉ። «ለምን ተለያየ?» ብለው ይጠይቁና የሲኒውን አፍ በስንጥር ደልድለው እንደገና ይስፈሩ። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ነው።

48ቱን በአንዴ ማጫወት አይቻልም። በ12 በ12 ከፍለው በየ15 ደቂቃው ያዘዋውሯቸው። አዲሱ ጨዋታ እርስዎ ባሉበት ቡድን ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹ ሦስቱ የለመዱትን ይጫወቱ። አራቱም አዲስ ከሆኑ ከየአቅጣጫው ሲጠሩዎት ይውላሉ።

ጥያቄ፦ በባቄላ ሲቆጥሩ አንድ ልጅ ፍሬውን አፍንጫው ውስጥ ከተተ። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ በጣት ወይም በስንጥር ለማውጣት አይሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ውኃም አይጨምሩ፤ ባቄላ ሲርስ ያብጣል። ልጁ በአፉ ይተንፍስ። ባዶውን ቀዳዳ በጣት ይዝጉለትና በሌላው እንዲናፈጥ ያድርጉ። ካልወጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ መተንፈስ ካስቸገረው ግን ደቂቃም አያቆዩት። ለሕፃናት መቁጠሪያ ቆረቆንዳ ይሻላል፤ አፍንጫ አይገባም። ጉሎ ፍሬ ደግሞ መርዛም ነውና ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከትምህርት ቤት ጭቃ ተለውሶ ይመጣል። ፊደል የሚማረው መቼ ነው?

መልስ፦ አባት ሆይ፣ ጭቃውም ፊደል ማስተማሪያ ነው። እርሳስ የሚይዙት ጣቶች ጭቃ በማድበልበል ይጠነክራሉ። ቤትም ይሞክሩት። ጠጠሩ የተለቀመ የዋልካ አፈር ከእጅ እስከማይጣበቅ ያሹ። ልጁ በአውራ ጣቱ ውፍረት እንደ ገመድ ያድበልብለው፤ ከቀጠነ ይበጠሳል፣ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ደርቋልና ጣቱን ውኃ ነክሮ ያሽው። ገመዱን ቢያጥፈው «በ» ይሆናል። ቁራጭ ጭቃ በቀኝ እግሩ መካከል ሲለጥፍ «ቡ»፣ ያችኑ ቁራጭ ወደ እግሩ ጫፍ ሲያወርዳት «ቢ» ይሆናል። በየጊዜው ድምፁን ጮክ ብሎ ይጥራው።