ለቆጥ ላይ ሞዴል የትኛው የባቡር መሥመር ይመረጥ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከወሎ ከተሞች ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል በአንድ ጉዳይ ላይ የተገናኙትን ለዛሬ መርጫለሁ። ጠያቂዎቹ በቤታቸው ቆጥ ላይ ወይም በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ባለው ክፍት ቦታ የባቡር ሞዴል ለመሥራት አስበዋል፤ ሞዴሉም በእውን ያለን መሥመር እንዲመስል ይፈልጋሉ። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚቀድመው ከመሥመሩ ላይ የትኛው ቁራጭ ተለይቶ እንደሚወሰድ መወሰን ነው፤ ብዙ ሞዴሎች ሳያልቁ የሚቀሩት ይህ ውሳኔ ሳይደረግ ሥራው ስለሚጀመር ይመስለኛል።

«ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ከላይ 5 ሜትር በ3 ሜትር የሚሆን ቦታ አለኝ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን መሥመር ሙሉውን ለማሳየት እመኛለሁ። ይቻላል?»

ሙሉውን ማሳየት አይቻልም። መሥመሩ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ኤች ኦ በሚባለው የ1 ለ87 መጠን፣ ማለት ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ ቢሠራ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሐዲድ ይፈልጋል፤ ኤን በሚባለው የ1 ለ160 መጠን እንኳ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በኤች ኦ የእውነተኛው መሥመር 1 ኪሎ ሜትር 11 ሜትር ተኩል ሲሆን፣ በኤን ደግሞ 6 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በእርስዎ ቦታ በእውነተኛ ልኩ ሊቀመጥ የሚችለው አንድ ጣቢያና ከጣቢያው የሚወጣው ሐዲድ ጥቂቱ ብቻ ነው።

እኔ የምመክርዎ የኮምቦልቻን ጣቢያ አካባቢ ብቻ ወስደው እንዲሠሩ ነው። ቦታው ለቤትዎ ቅርብ በመሆኑ የኮረብታውን ቀለም፣ የአፈሩን ዓይነትና የጥላውን አወዳደቅ ጠዋትም ማታም እየሄዱ ሊያዩ ይችላሉ፤ ይህን ማንም ፎቶግራፍ አይተካውም። ሌላው ምክንያት ሥራው ነው። ሞዴል ሕይወት የሚኖረው ባቡሩ የሚጭነውና የሚያራግፈው ነገር ሲኖረው ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ሐዲዱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በሚሄደው አዲሱ መሥመር እንደ ተሠራው ሁሉ 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ከወደብ የተነሣ ፉርጎ በአዋሽ በኩል ዕቃው ሳይገለበጥ እንዲደርስ ታስቦ የተነደፈ ነው። በሞዴልዎም ላይ ኮንቴይነር የጫኑ ፉርጎዎች ገብተው ሲለያዩ፣ ባዶዎቹም ተሰብስበው ሲመለሱ ማሳየት ይችላሉ።

መጠኑን በተመለከተ ለዚህ ቦታ ኤን ይሻላል። ባቡር ከባቡር የሚተላለፍበት ሐዲድ 600 ሜትር ነው ብንል፣ በኤች ኦ ወደ 7 ሜትር ስለሚሆን ከክፍልዎ ይወጣል፤ በኤን ግን 3 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዓይንዎ ጥቃቅን ነገር ለማየት የሚቸገር ከሆነ ግን ኤች ኦን መርጠው ሐዲዱን ማሳጠር ይሻላል። የእውነተኛው መሥመር መታጠፊያ በጣም ሰፊ ስለሆነ በየትኛውም መጠን እንዳለ አይገባም፤ ጠባቡን መታጠፊያ ከኮረብታ ጀርባ ወይም ዋሻ ውስጥ ይሰውሩትና ፊት ለፊት የሚታየውን ቀጥታና ለስላሳ ያድርጉት።

«አባቴ በቀድሞው ምድር ባቡር ሠርተዋል፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ከአገሬ የራቀውን የድሮውን መሥመር ብሠራ ያስነቅፈኛል?»

በፍጹም አያስነቅፍዎትም፤ እንዲያውም ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው የእርስዎ ነው። አባትዎ በሕይወት ካሉ ሐዲድ ከመግዛትዎ በፊት አጠገባቸው ተቀምጠው ይጠይቋቸው፤ የፉርጎው ቀለም፣ የሠራተኛው ልብስ፣ በየጣቢያው ይሸጥ የነበረው ነገር በየትም ተጽፎ ላይገኝ ይችላል።

መሥመሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል፤ ዛሬ ለገሃር የምንለው የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው። ይህም በኤች ኦ መጠን ሲሠራ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይጠይቃል፤ ይህን የሚያዘጋጁ አምራቾች በኤች ኦ ኤም ስም ይሸጡታል። ስዊዘርላንድ ውስጥ የ1 ሜትር ስፋት ያላቸው ብዙ መሥመሮች ስላሉ፣ ለእነርሱ የተሠራውን ሎኮሞቲቭ ገዝቶ የላይኛውን አካል በራስ እጅ መለወጥ ይቻላል። ተራውን የኤች ኦ ሐዲድ አይግዙ፤ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል በመሆኑ መልኩን ወዲያው ያበላሸዋል።

ዘመኑንም አስቀድመው ይወስኑ። የእንፋሎት ባቡር ከፈለጉ ዲዝል ከመስፋፋቱ በፊት፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ በፊት ያለውን ይያዙ፤ አባትዎ የሠሩት ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን የእርሳቸውን ዘመን እንዲመርጡ እመክራለሁ። ድሬዳዋ ዋናው የጥገና ሥፍራ ስለ ነበረች ብዙ ሕንፃና ብዙ ሐዲድ ትጠይቃለች፤ ለመጀመሪያ ሥራ በሜዳ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ትበቃለች።

«እኔ ወልድያ ነኝ። ሐራ ገበያ ላይ የሚገናኙትን ሁለቱን መሥመሮች አንድ ላይ ብሠራስ?»

ከኮምቦልቻ የሚመጣውና ወደ መቀሌ እንዲሄድ የታቀደው መሥመር ሁለቱም 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላላቸው በሞዴል ማገናኘቱ አያስቸግርም። ነገር ግን መገናኛ ጣቢያ ብዙ ሐዲድ መቀየሪያ ይፈልጋል፤ መቀየሪያ ደግሞ ከሁሉ ውዱና ብዙ ብልሽት የሚያመጣው ክፍል ነው። በአንድ መሥመር ይጀምሩ፤ ለሁለተኛው ቦታ ብቻ ይተዉለት።

«ከከሚሴ እጽፋለሁ። ከቆላው ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ዳገት ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ባቡሩ ግን ዳገት ላይ ይንሸራተትብኛል።»

አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ልዩነቱ በኤች ኦ መጠን እንኳ ወደ 10 ሜትር ስለሚሆን ልኩን ለመከተል መሞከር አይገባም። የሞዴል ዳገት በመቶ 2 ባይበልጥ መልካም ነው፤ ይህም በ5 ሜትር ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ከዚህ ሲበልጥ ትንሹ ሎኮሞቲቭ ጥቂት ፉርጎ እንደ ሳበ መንኮራኩሩ በቦታው ይሽከረከራል።

የተሻለው ዘዴ ሐዲዱን ደልዳላ አድርጎ ምድሩን ዝቅ ማድረግ ነው። ሐዲዱን በጣውላ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡና በአንድ ወገን ሸለቆ፣ በሌላው የተቆረጠ ኮረብታ ይሥሩ፤ ወንዙን በድልድይ ያሻግሩት። ተመልካቹ ገደሉን ሲያይ ባቡሩ ከፍታ ላይ እንዳለ ይገባዋል፤ ሎኮሞቲቩም አይደክምም። የወሎ መልክዓ ምድር ለዚህ ዘዴ እጅግ ይመቻል።

«ሐይቅ አጠገብ የምኖር ተማሪ ነኝ። ከኮርኒሱ በላይ ብሠራ ቆርቆሮው ያሞቀዋል ይሉኛል፤ ለአፈሩና ለዛፉስ ምን ልጠቀም?»

ልጄ፣ ከሙቀቱ በፊት የሚያሳስበኝ ደኅንነትሽ ነው። የብዙ ቤቶች ኮርኒስ ቺፕውድ ወይም አቡጀዲ በቀጭን ሞራሌ ላይ ተመትቶ የተሠራ ስለሆነ ሰው አይሸከምም። እህልና ዕቃ እንዲሸከም ታስቦ በወፍራም እንጨት የተሠራ ቆጥ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አናጢ አይቶ ሳያረጋግጥ እንዳትወጪ። የሚያጠራጥር ከሆነ ሞዴሉን በግድግዳ ዙሪያ በጠባብ መደርደሪያ ላይ ሥሪው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ለአንዲት ጣቢያ ይበቃል።

ሙቀቱም እውነት ነው። ቀንና ሌሊት የ30 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 5 ሜትር የሞዴል ሐዲድ በ2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ስለዚህ በየመጋጠሚያው ቀጭን ክፍተት ተዪ። ሥሩን በኮምፔንሳቶ ሥሪው፤ ባቡር በማይሄድበት ጊዜ ሁሉ ከአቧራ እንዲጠበቅ በጨርቅ ሸፍኚው።

ለመልክዓ ምድሩ ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልግሽም። ኮረብታው ከጀሶ፣ አፈሩ በወንፊት ከተነፋ የአካባቢሽ አፈር፣ ሣሩ በቀለም ከተነከረ ሰጋቱራ ይሠራል፤ ሁሉም በኮላ ይያዛል። ለግራር ቀጭን ሽቦ አጣምረሽ አናቱን ጠፍጣፋ አድርጊው፤ ቁልቋልንም አትርሺ። አንድ ወር መርጠሽ በእርሱ ጽኚ። መስከረም ከሆነ ሁሉም አረንጓዴ፣ አደዩም ቢጫ ነው፤ ታኅሣሥ ከሆነ ማሽላው ታጭዶ ገለባው ተቆልሏል። የሁለት ወራት ቀለም በአንድ ሞዴል ላይ ሲደባለቅ ምድሩ የማንም አገር አይመስልም።

«መርሳ ነው የምኖረው። የድልድይና የሕንፃ ልክ እንዴት ላግኝ?»

ወደ ሐዲድ ገብቶ በሜትር መለካት ፈጽሞ አይገባም። በኤሌክትሪክ እንዲሠራ በተነደፈ መሥመር ላይ ከላይ የሚዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፤ ሳይነኩት በመቅረብ ብቻ ሊገድል ስለሚችል ረጅም ዘንግና የብረት ሜትር ይዞ መጠጋት ክልክል ነው። የጥበቃ ሠራተኞችን አስፈቅደው ሰው ሁሉ ከሚተላለፍበት መንገድ ላይ ሆነው ፎቶ ያንሡ። ሐዲዱ ፊት ለፊት የሚታይበት ፎቶ ካገኙ መለኪያው በውስጡ አለ፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው 1435 ሚሊ ሜትር መሆኑን ስለምናውቅ፣ በፎቶው ላይ ይህን ርቀት በማስመሪያ ለክተው በዚያው ርቀት ላይ ያለውን የድልድዩን ምሰሶ ወይም የበሩን ቁመት ከእርሱ ጋር ያነጻጽሩ። ወደ ኋላ የራቀው ነገር በፎቶ ላይ አንሶ ስለሚታይ ለእርሱ ሌላ ፎቶ ያስፈልጋል።