የጡቡን ግድግዳ ከመንካትዎ በፊት

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በዩ ስትሪት ታሪካዊ ክልል ውስጥ አንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ በ900,000 ዶላር ገዝቼ ምግብ ቤት ላደርገው ነው። ኮንትራክተሩ የውጩን ቀለም በሳንድብላስት (በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ) ሊያነሣ፣ የጡቡን መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሊሞላ፣ የውስጡንም ልስን አራግፎ ጡቡን ሊያሳይ አቅዷል። የፌዴራል የታክስ ክሬዲት እንዳለ ሰማሁ። ይደርሰኛል?

መልስ፦ ሊደርስዎ ይችላል። ኮንትራክተሩ ያቀዳቸው ሦስቱም ሥራዎች ግን ሊያሳጡዎ ስለሚችሉ ውሉን ገና አይፈርሙ።

ክሬዲቱ፣ ማለትም ከሚከፍሉት ታክስ ላይ የሚቀነስልዎ ገንዘብ፣ ገቢ በሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃ ላይ ለእድሳት ከወጣው ተቀባይነት ያለው ወጪ 20 በመቶ ነው፤ ከ2018 ወዲህ በ5 ዓመት ተከፋፍሎ ይታሰባል። ብዙ ሰው የሚወድቀው በወጪው መጠን ነው። በ24 ወር ውስጥ የሚያወጡት ገንዘብ መሬቱ ተቀንሶ ሕንፃው ብቻውን ከተገዛበት ዋጋ መብለጥ አለበት። የመሬቱ ድርሻ 500,000 ነው ብንል፣ እድሳቱ ከ400,000 ዶላር ማለፍ ይኖርበታል። 420,000 ካወጡ 84,000 ዶላር፣ በዓመት 16,800 ይታሰብልዎታል። በ390,000 ካቆሙ ግን አንድ ሳንቲም የለም። የወጥ ቤት ዕቃ፣ ከጓሮ የሚቀጠል ክፍልና የመኪና ማቆሚያ አይቆጠሩም፤ ጣሪያ፣ መስኮት፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክና የአርክቴክት ክፍያ ይቆጠራሉ።

ማመልከቻው 3 ክፍል አለው፦ የሕንፃው ታሪካዊነት፣ የሥራው ዕቅድ፣ የተጠናቀቀው ሥራ። የሚያስገቡት በከተማው የታሪካዊ ቅርስ ጽሕፈት ቤት በኩል ሲሆን ውሳኔው ፓርኮችንና ታሪካዊ ቅርሶችን የሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሳይጸድቅ ሥራ የጀመረ ሰው ኃላፊነቱን በራሱ ላይ ወስዷል። የከተማውን ፈቃድ ይዞ «ጨርሻለሁ» ማለትም አደገኛ ነው። ከተማው በአብዛኛው የሚመለከተው የውጩን ገጽታ ነው፤ ፓርክ ሰርቪስ ውስጡንም ያያል፣ በአንድ ብልሽት ምክንያትም ሙሉውን ፕሮጀክት ሊጥል ይችላል።

ሳንድብላስት በምድጃ የጠነከረውን የጡቡን ቆዳ ይገፍፈዋል። ለስላሳው ውስጡ ውኃ ይጠጣል፣ ክረምት ሲገባ ውኃው በረዶ ሆኖ ጡቡን ያፈርጠዋል። ይህ ጉዳት አይመለስም። ቀለሙ በኬሚካል ማስለቀቂያ ይነሣ፤ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ይሞከር። መጋጠሚያውም ከጡቡ መለስለስ አለበት፣ እርጥበቱ የሚወጣውና ግድግዳው ሲላወስ የሚሸከመው እሱ ነውና። ጠንካራ ሲሚንቶ እርጥበቱን ወደ ጡቡ ይገፋል፣ ፊቱንም ያረግፈዋል። ስለዚህ በኖራ የተሠራ ማያያዣ ይጠይቁ፤ አሮጌው ማያያዣ የመጋጠሚያውን ስፋት ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ በሚያህል ጥልቀት በእጅ መሣሪያ ይቦርቦር። በግራይንደር (በኤሌክትሪክ መቁረጫ) ሲሆን የጡቡ ጠርዝ ይቆረጣል።

የውስጡ ልስን ይቆይ። ምግብ ቤቶች የተራቆተ ጡብ እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የውስጡ ጡብ ሲገነባ በልስን ሊሸፈን ታስቦ ስለሆነ፣ ማራቆቱ ክሬዲት ከሚያስከለክሉት የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ነው።

እነዚህን ክልከላዎች በውሉ ውስጥ በግልጽ ያስጽፉ፤ ኮንትራክተሩ ጥሶ ክሬዲቱ ቢቀር ካሣ እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽም ይጨምሩ። ሕንፃውን አገልግሎት ከጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ ቢሸጡት ከክሬዲቱ ይመልሳሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከሆነ ሙሉውን፣ ከዚያ በየዓመቱ 20 በመቶ እየቀነሰ። ዛሬውኑ ደግሞ ማንም መዶሻ ሳያነሣ እያንዳንዱን ክፍልና ግድግዳ ፎቶ ያንሡ፤ የሁለተኛው ክፍል ማመልከቻ ያለ እነዚያ ፎቶዎች አይሟላም።