«ለሐበሻ ብቻ» ብዬ ቤዝመንቴን ማከራየት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ቤቴ የራሱ መግቢያ፣ ኪችንና ሻወር ያለው ቤዝመንት አለው። ላከራየው ብዬ «ለሐበሻ ብቻ፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ልጅ የሌላት» የሚል ጽፌ ፌስቡክ ላይ ልለጥፍ ስል ጓደኛዬ «ትከሰሻለሽ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «ራስሽ የምትኖሪበት ቤት ስለሆነ ሕጉ አይመለከትሽም» አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳንም ሳትለጥፊው ጠየቅሽ። ማስታወቂያውን በተመለከተ ጓደኛሽን ስሚ።

ሕጉ ፌር ሃውሲንግ አክት ነው፣ ቤት ሲሸጥም ሲከራይም ሰውን መለየት የሚከለክለው የፌደራል ሕግ፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ ሚያዝያ 1968 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት። መጀመሪያ የከለከለው በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር መለየትን ነበር፣ 1974 ላይ ፆታ፣ 1988 ላይ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ ተጨመሩበት። ወንድምሽ አለ ያልሽው ነገር እውነት አለው፣ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትና ከአራት ቤተሰብ በላይ የማይይዝ ቤት በፌደራል ደረጃ ከብዙው ክልከላ ነፃ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ይሄ ነፃነት ማስታወቂያን አይጨምርም። የጻፍሽው ብቻ ሳይሆን ስልክ ላይ «ከየት አገር ነህ? እኛ ሐበሻ ነው የምንፈልገው» ያልሽውም ይቆጠራል። በዘር መምረጥ ደግሞ በ1866ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ለትንሽ ቤትም ክልክል ነው።

«ለሐበሻ ብቻ» የሚለው ከክፋት እንዳልመጣ ይገባኛል፣ ቋንቋ ከሚግባባሽ ሰው ጋር አንድ ጣራ ስር መኖር ይቀላል። ግን አክሰንታችንን ሰምተው «ተይዟል» ብለው ስልክ የዘጉብን ስንት ናቸው፣ ያን ጊዜ የምንጠራው ሕግ ይሄው ነው እኮ። በአማርኛ ስለጻፍሽውም አይደበቅም፣ ስክሪንሾት አድርጎ የሚያስተረጉም አይጠፋም። ሐበሾች ግሩፕ ላይ ብቻ ከምትለጥፊው ሌላ ቦታም አውጪው።

«ሴት ብቻ» የሚባለው ኪችን ወይም ሻወር ስትጋሩ ነው፣ ያንቺ ቤዝመንት ሁሉም የራሱ ስላለው አጥፊው። ልጅ የሚለውንም አጥፊ። ጫጫታ ከሆነ የሚያሳስብሽ ደንብሽን ጻፊ፣ ማንም ይግባበት።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ባለ አንድ መኝታ ቤዝመንት፣ የራሱ መግቢያ፣ ኪችንና ሻወር ያለው፣ ሲጋራ አይጨስም፣ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ይጠበቃል፣ ክሬዲትና የገቢ ማስረጃ ይጠየቃል።» ቤቱን ግለጪ፣ ሰውየውን አትግለጪ። «ለባቡር ቅርብ» ማለት ይቻላል፣ «ለቤተክርስቲያን ሰው የሚመች» ግን አይቻልም። ክሬዲት፣ ገቢ፣ የቀድሞ አከራይ ምስክርነት መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ግን ለሁሉም እኩል ጠይቂ፣ ማን መቼ እንደደወለና ለምን እንዳልተቀበልሽው ደብተር ላይ ያዢ፣ ያልተቀበልሻቸው ሰዎች ለፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ለማመልከት አንድ ዓመት፣ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ሁለት ዓመት ጊዜ ስላላቸው ነገሩ ከተረሳ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ሜሪላንድ ደግሞ የራሷ ተጨማሪ አላት፣ ከ2020 ጀምሮ በገቢ ምንጭ መለየትም ስለተከለከለ «ቫውቸር (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) አንቀበልም» የሚል እንዳትጽፊ። ካውንቲሽ የኪራይ ላይሰንስ የሚጠይቅ ከሆነም ከመለጠፍሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ።