ስለ 1997 ምርጫና ስለ ቅንጅት ጠይቁኝ

በ1997 ምርጫ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ባለ ምርጫ ጣቢያ የተቃዋሚ ወኪል ሆኜ ድምፅ ሲቆጠር አድሬአለሁ። ያለፉ ምርጫዎችን ነገር ከጠየቃችሁኝ የማውቀውን አልደብቅም። ዛሬ ማንን እንምረጥ የሚለውን ግን ለራሳችሁ ያዙት።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ቅንጅት አንድ ፓርቲ ነበር?

አልነበረም፤ የአራት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ ነበር። የኢንጂነር ኃይሉ ሻውል መኢአድ፣ የእነ ልደቱ አያሌው ኢዴፓ-መድኅን፣ የእነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቀስተ ደመና እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ። እያንዳንዱ የራሱ ማኅተም፣ የራሱ ጽሕፈት ቤት ነበረው። ይህችን የማኅተም ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ትመጣለች።

ከፖሊ፦ ኅብረት የሚባለውስ ያው አይደለም?

አይደለም፣ ሌላ የተቃዋሚዎች ስብስብ ነው። እነ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስና ዶክተር መረራ ጉዲና የነበሩበት።

ከቀበሌ 14፦ ለየብቻ ቢወዳደሩ ምን ይጎዳቸው ነበር?

የእኛ የምርጫ ሥርዓት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘውን ያሳልፋል፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። መቶ ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አርባው ለገዥው ፓርቲ፣ ሠላሳ አምስቱ ለአንዱ ተቃዋሚ፣ ሃያ አምስቱ ለሌላው። ስልሳው ሰው ለውጥ ፈልጎ፣ ወንበሩን የያዘው ባለ አርባው ነው። ስለዚህ የመቀናጀት ዋናው ሥራ በዚህ ወረዳ ማን ይቁም፣ ማንስ ይተውለት የሚለው ነው። መግለጫ ላይ አብሮ መፈረም ቀላል ነው፤ ለዓመታት በድርጅቱ የተንገላታን ሰው «ዘንድሮ ለእገሌ ልቀቅ» ማለት ግን ፊት ያስጠቁራል። የያኔው ገዥ ፓርቲ ኢሕአዴግም እኮ የፓርቲዎች ግንባር ነበር። እሱ ግን ይህ ራስ ምታት አልነበረበትም፤ እኛ ዘንድ ብአዴን፣ ኦሮሚያ ኦሕዴድ፣ ትግራይ ሕወሓት እያለ አገሩን አስቀድሞ ተከፋፍሎታል።

ከፋሲሎ፦ የምረጡኝ ዘመቻው እውነት ያን ያህል የጦፈ ነበር?

የጦፈ ነበር። በቴሌቪዥን ክርክር ሲኖር ቡና ቤቱ ጢም ይላል፤ የማይደፈረው ሚኒስትር ፊት ለፊት ተጠይቆ ሲመልስ ማየት ብርቅ ነበርና። ገጠር ግን ሬዲዮ ነው፤ ጥያቄውም መሬት። ቅንጅት መሬት በግል ይያዝ አለ። ኢሕአዴግ ደግሞ «ተሸጦ ባዶ እጅህን ትቀራለህ» እያለ ገበሬውን አስጠነቀቀ። በእኔ ግምት ቅንጅት ለከተማው የተናገረውን ያህል ለማሳው አላብራራም፤ ማዳበሪያ በዱቤ የሚወስድ ሰው የቅንጅትን ምልክት ሁለት ጣት ስላየ ብቻ አይከተልም። ተቃዋሚውን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር ያመሳሰለው የገዥው ፓርቲ ቅስቀሳ ደግሞ የዘመቻው አስቀያሚ ገጽ ነው፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዘጌ፦ ቆጠራው ላይ ምን አዩ?

ክፍሉ የተማሪ መማሪያ፣ መብራቱ ፋኖስ። የጣቢያው ኃላፊ ወረቀቱን አንድ በአንድ እየዘረጋ ለሁላችን ያሳያል፤ «ንብ» ሲል ለኢሕአዴግ አንድ ክምር፣ ለሌላው ሌላ ክምር። ክርክር የሚነሳው ሁለት ምልክት ላይ በተነካ ወረቀት ነው። አንዲት እናት ይሁኑ አባት፣ አንዱም እንዳይቀየመኝ ብለው ይመስላል፣ ለሁሉም ምልክት አደረጉ። ተበላሸ ተባለ። ምን ይደረጋል!

ከሽምብጥ፦ ውጤቱስ?

ከ547 የፓርላማ መቀመጫ ምርጫ ቦርዱ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 አለ። አዲስ አበባን ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ። ብዙ ቦታ አቤቱታ ቀርቦ፣ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ ላይ ድጋሚ ተመረጠ።

ከቀበሌ 14፦ ታዲያ ያን ያህል ድምፅ ይዞ ለምን ፈረሰ?

እስሩን እንዳታሳንሱት፤ ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አመራሩ ታስሮ በይቅርታ የወጣው ሐምሌ 1999 ነው። በሰኔ 1997 እና ከጥቅምት 1998 ጀምሮ በውጤቱ ላይ በተነሳው ተቃውሞ ደግሞ ሰው ሞቷል፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠራቸው ሲቪሎች 193 ናቸው። ነገር ግን ስንጥቁ ከእስሩ ይቀድማል። ፓርላማ እንግባ አንግባ የሚለውን ማን እንደሚወስን ቀድሞ የተቆረጠ ነገር አልነበረም። አራቱ ወደ አንድ ፓርቲ እንዋሃድ ሲሉም የኢዴፓ-መድኅን አመራር በአካሄዱ አልተስማማም፤ ማኅተም አስረክብ አላስረክብም ተባለ። አንዱ «ከሃዲ» ሲል ሌላው «ሕግ ይከበር» ይላል፤ እኔ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው ባይ ነኝ። ኋላ ቦርዱ የቅንጅትን ስም ለሌላው ክንፍ፣ ለእነ አቶ አየለ ጫሚሶ ሰጠው፤ የመረጠው ሕዝብ የሚያውቃቸው ሰዎች ቅንጅት የሚለውን ስም ይዘው መወዳደር ሳይችሉ ቀሩ።

ከፖሊ፦ ብልጽግናም የፓርቲዎች ስብስብ ነው?

ስብስብ ሳይሆን ውህደት ነው። በ2012 ከሕወሓት በቀር የኢሕአዴግ አባላትና አጋሮቹ ከስመው አንድ ማኅተም ያዙ። በ2013 ምርጫ 410 መቀመጫ አገኘ።

ከዘጌ፦ ዘንድሮ እንቀናጅ የሚል ፓርቲ ቢመጣ ምን ይጠይቁታል?

የስምምነቱን ወረቀት አሳየኝ እለዋለሁ። ዕጩ የሚቀንሰው ማን ነው? ስሙና ማኅተሙ ስንለያይ ለማን ይቀራል? ከተመረጣችሁ በኋላ ወንበር መያዝ አለመያዝ የሚወሰነው በስንት ድምፅ ነው? ይህ ካልተጻፈ ፊርማው ላይ የተነሱትን ፎቶግራፍ ቢያሳየኝም አልቀበለውም።